የአጥሩ ውጪ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አጥር ለማቆም አንድ ቀን ይበቃል። ጠዋት አጣና የጫነ አይሱዙ መጥቶ ይቆማል። ሁለት ሰዎች በዶማ ጉድጓድ እየቆፈሩ ቋሚውን ይተክላሉ፤ ከኋላቸው ሌሎች አግዳሚውን በሚስማር እየመቱ ይከተላሉ። ከሰዓት በኋላ አረንጓዴና ቢጫ የተቀባው ቆርቆሮ ይደርሳል። አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል፤ የመዶሻው ድምፅ ሰፈሩን ሲያናውጠው ይውላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ትናንት ሰው አቋርጦት ያልፍ የነበረው፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ ሴቶች በርበሬ የሚያሰጡበት ሜዳ ከዓይን ይሰወራል። በማግስቱ መንገደኛው ዙሪያውን ይሄዳል፤ በሳምንቱም ዙሪያውን መሄድ የነበረ ያለ ነገር ይመስለዋል። ምን ሊሠራበት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከነገ ጀምሮ በዚህ በኩል የሚያልፈው ሰው ምን ይገጥመዋል ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

አጥር የሚሠራው ውስጡን ለመጠበቅ ነው፤ ሲታቀድም ሲከፈልበትም የሚታሰበው ውስጡ ብቻ ነው። ባለቤቱ ንብረቱን፣ ሠሪው ሲሚንቶና ብረቱን፣ ፈቃድ ሰጪው የድንበሩን ልክ ያስባል። ይሁን እንጂ የአጥርን ውጫዊ ፊት ከባለቤቱ አብልጦ የሚያየው፣ በጎኑ የሚያልፈው፣ ማታም በጥላው ውስጥ ፈርቶ የሚራመደው መንገደኛው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚነሣውም ከዚህ ነው፦ የአጥሩ ውስጥ የባለቤቱ ነው፣ ውጪው ግን የጋራ ነው። ስለዚህ አጥሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ስንት በር እንደሚኖረው፣ ለመንገዱ ምን እንደሚያሳይ ከተማው የመናገር መብት አለው። መብት ብቻም ሳይሆን ግዴታው ነው።

ዓይን የሌለው ግንብ

ከቦሌ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወይም አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ፣ ግራና ቀኙ ግንብ ብቻ የሆነ መንገድ ማግኘት ቀላል ነው። ግንቡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አናቱ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሏል፤ ከጠርሙሱ በላይ ምላጫማ ሽቦ ተጠቅልሎ ተዘርግቷል። የብረት በሩ ድፍን ነው፤ መሐሉ ላይ ጥበቃው አጮልቆ የሚያይባት የመዳፍ ስፋት ያላት መስኮት አለች፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናት። በሩ አልፎ ግንቡ ይቀጥላል። በቀይ ቀለም፣ በተቻኮለ እጅ «መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ የቅጣቱ ብር ተጨምሯል። ጽሑፉ ቢኖርም የግንቡ ሥር እርጥብ ነው። ጥግ ላይ የተደፋ ፍርስራሽ አለ፣ በፍርስራሹ ላይ ደግሞ ቆሻሻ የያዘ ፌስታል። ከመሸ በኋላ ሴቶች በዚህ መንገድ ብቻቸውን መሄድ አይወዱም፤ ራቅ ቢልም በአስፋልቱ መዞርን ይመርጣሉ።

አሁን ደግሞ በጉለሌ ወይም በሽሮ ሜዳ ካሉት የቆዩ ሰፈሮች አንዱን እንይ። አጥሩ እዚህም አለ፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጭቃ ግድግዳው ከአጥሩ ጋር ተጣብቋል። ነገር ግን አንዷ ባለቤት አጥሯን ቀዳ ሱቅ አውጥታበታለች። በብረት ፍርግርጉ መካከል ዳቦ፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ይወጣል፤ ብር ይገባል። ከሱቁ ፊት ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ በመደብ የደረደረች የጉሊት ነጋዴ ተቀምጣለች። ሊስትሮው ሳጥኑን ከአጥሩ ጋር አስጠግቷል። ከበሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሚያልፈው ሁሉ «እንዴት አደሩ» ይላቸዋል። በዚህ አጥር ላይ ክልከላ የጻፈ የለም፤ መጻፍም አላስፈለገም።

ድህነት ውብ ነው ማለቴ አይደለም። በዚያ ሰፈር ያለው የውኃ፣ የመጸዳጃና የጣሪያ ችግር የቦሌው ነዋሪ የማያውቀው ነው። የማነጻጽረው የመንገዱን ደኅንነትና ሕይወት ነው፤ በዚህ ሚዛን ርካሹ ቆርቆሮ ከውዱ ግንብ በልጦ ይገኛል። ምክንያቱን ጄን ጃኮብስ የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ስለ ታላላቅ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት በሚተርከው መጽሐፏ በዝርዝር አስረድታዋለች። እንደ እሷ አባባል መንገድን በቅድሚያ የሚጠብቀው ፖሊስ አይደለም። ለራሳቸው ጉዳይ ደጅ የሚውሉ፣ በመስኮት የሚያዩ፣ ሱቅ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰዎች ዓይን ነው የሚጠብቀው። ድፍን ግንብ ይህን ዓይን ይጋርዳል። ባለቤቱ ግቢውን ለማትረፍ ሲል መንገዱን ያለ ጠባቂ ይተወዋል።

*«መሽናት ክልክል ነው» የሚጻፈው ዓይን በሌለው ግንብ ላይ ነው።*

ከባላባት ግቢ እስከ ታጠረ መሬት

አዲስ አበባ ከአጥር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱና ዐፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ፤ እያንዳንዱም ከፍ ካለው ቦታ ላይ ግቢውን አጠረ፤ ጭፍራውና አሽከሩ በዙሪያው ሰፈረ። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በዚያ ዘመን የባላባቱ አጥር ውጪ ባዶ ቦታ አልነበረም። ባለጉዳዩ፣ ተበዳዩ፣ ሹመት ፈላጊው ደጅ ሲጠና የሚውለው እዚያ ነበር፤ ወሬ የሚሰማው፣ ሽምግልና የሚጀመረውም እዚያው። ሥርዓቱ የእኩልነት አልነበረም። ሆኖም ባለግቢው ከአጥሩ ውጪ ለቆመው ሰው ኃላፊነት እንዳለበት የታወቀ ነበር፤ ደጁ በሰው የተሞላ መሆኑም ለክብሩ ይቆጠርለት ነበር።

የዚህ አሰፋፈር ሌላው ውጤት ሀብታምና ድሀ ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ይህን ለማፍረስ ሞክሯል። የፋሺስቱ መንግሥት የከተማ ፕላን አውሮፓውያንንና «አገሬውን» በተለያየ ክፍል የሚያኖር ሲሆን፣ መርካቶም ለአገሬው ገበያነት የተመደበ ቦታ ነበር። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ፕላኑ ሙሉ በሙሉ ሳይፈጸም ቀረ፤ ከተማዋም ቅይጥነቷን ይዛ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የአጥርን ትርጉም የለወጡት ሁለት የሕግ ምዕራፎች ናቸው። የመጀመሪያው የደርግ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት የነበረው ግቢ ብዙ አባወራ የሚጋራው ሆነ። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ። አጥሩ ያው አጥር ቢሆንም ውስጡ ግማሽ አደባባይ ሆነ፤ ልቅሶውም ሠርጉም በአንድ ድንኳን ይስተናገዳል። ሁለተኛው ምዕራፍ የሊዝ ሥርዓት ነው፤ በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተጠናከረ። መሬት በጨረታ የሚገዛ ውድ ነገር ሲሆን አጥር ከሁሉ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ሆነ። ቤት ሳይኖር አጥር ይቀድማል። ለልማት ተብለው ታጥረው ለዓመታት ሣር የበቀለባቸውን ቦታዎች የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም፤ የከተማው አስተዳደርም ያልለሙ የታጠሩ ቦታዎችን እንደሚነጥቅ ደጋግሞ አስታውቋል። ስለ እነዚህ ቦታዎች ሲወራ የሚነገረው ስለ ባከነው መሬት ነው። አብሮ የባከነው ግን በዙሪያው ያለው መንገድ ነው፤ ሱቅ የለበትም፣ መብራት የለበትም፣ ሰው የለበትም።

ግንብ ሲከፈት፦ ጁገልና ደጀ ሰላም

አጥር ሁሉ መንገድ ይገድላል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የሐረር ጁገል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያጠናከሩት ይህ ግንብ ከተማዋን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይከባታል፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተሠራው ጠላትን ለመከላከል ነው፤ በሮቹም ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ሆኖም አምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ፣ የየራሳቸው አገርና የየራሳቸው እንግዳ ነበራቸው፤ ከገጠር የመጣው ከከተሜው ጋር የሚገናኘው በበሩ ላይ ነው። ዛሬም ሸዋ በር ከግንቡ ውጪ ገበያ ነው፤ ጫት፣ አትክልትና ማገዶ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ግንቡን ተደግፈው ይሸጣሉ። ሐረሪዎች ለጅቡ እንኳ መግቢያ ትተውለታል፤ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን የሚያጸዳባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች በግንቡ ውስጥ አሉ። ግንቡ ወፍራምና ረጅም ቢሆንም በርካታ አፍ አለው፤ ሕይወቱም በአፎቹ ዙሪያ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከማንኛውም የከተማ አጥር ይበልጥ የጠራ ድንበር ነው፤ ውስጡ ቅዱስ፣ ውጪው ዓለም ነው። ግን በደጀ ሰላሙ አጠገብ ጧፍና ሻማ ሻጩ፣ ነዳያኑ፣ የአብነት ተማሪው፣ ጥላ ሥር ያረፈው መንገደኛ አሉ። ለሥራ የሚሮጥ ሰው ሳይገባ እግረ መንገዱን ቆም ብሎ ያማትባል፣ ግንቡን ይሳለማል። ከበሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ከስንት ዓመት ግንባርና ከንፈር የተነሣ ለስልሶ ያብለጨልጫል። በጽዱና በወይራው ምክንያት ከቅጥሩ ውጪ ያለው መንገድም ጥላ ያገኛል። ቅጥሩ ከልክሎ ሳለ ለውጪው ሰው ይሰጣል። ከዘመናዊው ግንባችን የጠፋው ይህ ነው።

የማይሻገሩት ሐዲድ

ድንበር ሁልጊዜ ግንብ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ከከተማዋ ታላላቅ የሕዝብ አገልግሎቶች አንዱ ሆነ፤ በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆኑት ሁለቱ መስመሮች ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ርካሽ መጓጓዣ ሰጥተዋል። ይህ መልካምነቱ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን መስመሩ በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች፣ በተለይ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መንገድ፣ ከተማዋን ለሁለት የሰነጠቀ አጥር ሆኗል። ቀድሞ ተሻግረው ዳቦ የሚገዙበት ማዶ አሁን ረጅም ዙሪያ ወይም ከፍ ያለ ደረጃ ይጠይቃል። ጤናማው ወጣት በደረጃው ይወጣል፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች እናት፣ በክራንች የሚሄድ ሰው፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ግን ይቀራሉ። ሌላው ደግሞ አጥሩን ዘሎ ሐዲዱን ያቋርጣል፤ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የትራፊክ ሰዎች እግረኛው ሥርዓት አያውቅም ሲሉ ይሰማል። በአንድ ቦታ አንድ ሰው ቢዘል የእሱ ጥፋት ነው እንበል። በአንድ ቦታ በየቀኑ ብዙ ሰው የሚዘል ከሆነ ግን ያ ቦታ መሻገሪያ እንደሚያስፈልገው ሕዝቡ በእግሩ እየተናገረ ነው። ቢሮ ውስጥ በካርታ ላይ ከተሰመረው ይልቅ አጥሩ ሥር የተረገጠው ቀጭን መንገድ ትክክለኛውን ቦታ ያሳያል።

«ሌባውስ?»

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የሌባ ጉዳይ ነው። ቤት የሠሩ ሰዎች የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው እዚያ ውስጥ ነው፤ ግንቡ ዝቅ ይበል፣ በከፊል ይታይ ሲባሉ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ይሁንና በከፍተኛ ድፍን ግንብ ላይ ዘሎ የገባ ሌባ ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም፤ ግንቡ ለባለቤቱ የሰጠውን መሸሸጊያ ለሌባውም ይሰጠዋል። የኒውዮርኩ ብራያንት ፓርክ ታሪክ በዚህ ላይ ያስተምራል። ፓርኩ ከመንገዱ ከፍ ያለ፣ በብረት አጥርና በቁጥቋጦ የተጋረደ ነበር፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ሆነ። ዊልያም ዋይት የተባለው የከተማ ተመራማሪ አካባቢውን አጥንቶ ያቀረበው ምክር አብዛኛው ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነበር፦ አጥሩና ቁጥቋጦው ይነሣ፣ መግቢያው ይስፋ፣ ከውጪ ወደ ውስጥ ይታይ። ፓርኩ ታድሶ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሕዝቡ ሞላው፤ ነጋዴዎቹም ለቀቁ። እርግጥ አጥር ማንሣቱ ብቻውን አልሠራም፤ ጽዳት፣ ጥበቃና የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች ተጨምረውበታል። ግን ግንብ ማቆም መፍትሔ እንዳልነበረ አሳይቷል።

ሁለተኛው የገበና ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው እንዳይታይ መፈለጉ ተገቢ ነው። እናት ፀጉሯን ስትሠራ፣ ቤተሰብ ቡና ሲጠጣ፣ ልብስ ሲሰጣ መንገደኛ እንዲያይ የሚገደድበት ምክንያት የለም። ግን ገበናን ለመሸፈን ሦስት ሜትር ድፍን ግንብ ግድ አይደለም። አባቶቻችን በሰንሰልና በቁልቋል ሲያጥሩ ግቢያቸው አይታይም ነበር፤ መንገዱም አረንጓዴ ነበር። የታችኛው ግማሽ ግንብ፣ የላይኛው ብረት ፍርግርግና ተክል የሆነ አጥርም ገበናን ሳይገልጥ ለመንገዱ ዓይን ይሰጣል። በተጨማሪም ደንቡ ለሁሉ አንድ መሆን የለበትም። በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ለሚከፈት የቀበሌ ቤት የሚበቃው መጋረጃ ነው፤ ሰፊ ጓሮ ያለው ቪላ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ግን ገበና ብሎ ሙሉ መንገድ ሊያጨልም አይገባውም። ኤምባሲና መሥሪያ ቤት ልብስ አያሰጡም።

የትኬት አጥር

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመናፈሻ አስተዳዳሪዎች የሚመጣ ነው፦ ያልታጠረ፣ ክፍያ የሌለበት ቦታ ይበላሻል፤ ሣሩ ይረገጣል፣ ቧንቧው ይሰረቃል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ በክፍያ የሚገባበት ነው፤ ውስጡ ታሪካዊ ቤተ መንግሥትና ቅርስ ስላለ መጠበቁ ይገባኛል። ችግሩ ይህ አሠራር የመናፈሻ ሁሉ ልክ ሲሆን ነው። ትኬትም አጥር ነው፤ የሚያግደውም አስቀድሞ ቤቱ ውስጥ ጓሮ የሌለውን ነው። ለንደን ይህን ክርክር በጦርነት መካከል አስተናግዳለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብረት ተብሎ የመናፈሻዎች አጥር ሲነቀል፣ ቀድሞ ቁልፍ ለያዙ ባለቤቶች ብቻ የነበሩት የአትክልት ቦታዎች ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። አጥሩ ሊመለስ ሲል ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል በ1944 እ.ኤ.አ. በትሪቢዩን ጋዜጣ ተቃውሞውን ጽፏል። ብዙዎቹ ዛሬም በቁልፍ የሚከፈቱ ናቸው፤ አንዴ የታጠረን ቦታ ማስከፈት እንዲህ ይከብዳል።

*ትኬትም አጥር ነው፤ የሚያግደውም ጓሮ የሌለውን ነው።*

ያልታጠረ ሁሉ ይበላሻል የሚለውን መስቀል አደባባይ ያስተባብላል። ንጋት ላይ በደረጃዎቹ የሚሮጡትን ማንም ትኬት አይጠይቃቸውም፤ ደመራ ሲለኮስም ያ ሁሉ ሕዝብ የሚገባበት በር የለም፤ ዙሪያው ሁሉ በር ነው። የአገሪቱ ታላቅ አደባባይ ያለ አጥር መቆም ከቻለ፣ የሰፈር መናፈሻ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው የሚጠርግ፣ ተክል የሚያጠጣና ደመወዙ በሰዓቱ የሚከፈለው ሰው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዚህ ረገድ ልንክደው የማይገባ ለውጥ አምጥቷል። የበርካታ ተቋማት ድፍን ግንቦች ፈርሰው ዝቅ ባለና በሚያሳይ አጥር ተተክተዋል፤ ለዘመናት ከግንብ ጀርባ የነበሩ ዛፎች ለመንገደኛው ተገልጠዋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል፤ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ይዘው የሚቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። ግን እዚህም ሁለት ነገሮች መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ ይህ ስፋት የተገኘው በፒያሳና በካዛንቺስ የኖሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ነው፤ ማኅበራቸውና ዕድራቸው ተበትኗል። ክፍት መንገድ ከሰፈር መፍረስ ጋር የግድ አብሮ መምጣት የለበትም፤ ግንብ ዝቅ ለማድረግ ቤት ማፍረስ አያስፈልግምና። ሁለተኛ፣ የቆርቆሮው አጥር ቢነሣም የደንብ አስከባሪው አጥር ቀርቷል። ያቺ በአጥር ሥር ቲማቲም የምትደረድረው የጉሊት ነጋዴ በአዲሱ መንገድ ላይ ቦታ የላትም። መቀመጫው አለ፤ መንገዱን ቀኑን ሙሉ ትጠብቀው የነበረችው ግን ተባርራለች። ለእሷ የተወሰነ ቦታ፣ የተወሰነ ሰዓትና መጠነኛ ክፍያ ወስኖ ማስቀመጥ ያን ሁሉ መንገድ ለሠራ ከተማ የሚከብድ አይደለም።

ስለዚህ የአጥር ፈቃድ ሲሰጥ የድንበር ልክ ብቻ መጠየቁ ይቅር። ይህ ግንብ ስንት ሜትር ያለ በር ይሄዳል? ማታ መብራቱ ወደ መንገዱ ይወጣል ወይስ ወደ ውስጥ ብቻ ነው? ለልማት የታጠረው ቦታ ግንባታው እስኪጀመር በጎኑ ለጊዜው ሱቅ ወይም ማረፊያ ሊኖረው አይችልም? ሐዲዱ ሰው በሚዘልበት ቦታ ሁሉ መሻገሪያ ያገኛል? የወረዳው ጽሕፈት ቤት እነዚህን ይጠይቅ፤ ነዋሪውም የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። አጥር ልታሠሩ ብሎኬት ያወረዳችሁም ሠራተኛው ሲሚንቶውን ከማቡካቱ በፊት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ከመንገዱ ማዶ ቁሙና ቦታውን እዩት። ከበሩ አጠገብ ለደከመው የሚሆን አንድ የድንጋይ መቀመጫ፣ ከአናቱ ጠርሙስ ፋንታ አንድ ረድፍ ሰንሰል፣ ከውጪ በኩል አንድ አምፖል ጨምሩበት። ወጪው ከምላጫማው ሽቦ አይበልጥም።